በሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው አእምሮው ሲታወክ የእድርተኛው ድርሻ

(በአጋርፋ ከተማ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)




የዓመቱን የገቢና የወጪ ሒሳብ፣ የድንኳኑንና የዕቃውንም ቆጠራ ሰምታችኋል። አሁን ከስብሰባው ሰዓት ላይ ጥቂት ደቂቃ ለምነን አንድ ጉዳይ ልናቀርብላችሁ ቆመናል። እድር ሲባል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ጡሩምባው ከመነፋቱ በፊት፣ ሰው ገና በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ሊደረግለት ስለሚገባው ነገር ነው። ይኸውም በሌላ ሕመም ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው አእምሮው ሲታወክ፣ የአእምሮ ሐኪም ወይም የአእምሮ ሕክምና ነርስ ወደ አልጋው ተጠርቶ እንዲያየው ስለማድረግ ነው።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። የምንናገረው ካየነውና ባለሙያ ጠይቀን ከተረዳነው ነው፤ እውነቱን እንናገር ካልን ደግሞ ከሠራነው ስሕተት ነው። ስለዚህ ስሕተታችንን እናስቀድም።

ከዓመታት በፊት ነው። ዓመቱንና የሰውየውን መለያ የተውነው ቤተሰባቸው ዛሬም ከእኛው ጋር ስላለ ነው። አንድ የእድራችን አባት በመኸር ወራት የስንዴ ጆንያ ሲያስጭኑ ከመኪና ላይ ወድቀው የጭን አጥንታቸው ተሰበረ። ከአካባቢያችን ውጭ ወደሚገኝ አንድ ሆስፒታል ወስደን አስተኛናቸው። እግራቸው በክብደት ተወጥሮ ታሰረ፤ ሕመሙም በመድኃኒት በረድ አለላቸው። ሐኪሙ ካርዱን ሲሞላ፣ "አባባ፣ መጠጥ ይጠጣሉ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ቀና ብለው እኛን አዩ። እኛም ቀበል አድርገን፣ "ኧረ ዶክተር፣ እሳቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አይቀምሱም" አልን። ጠዋት ጠዋት አረቄ ሳይቀምሱ ከቤት እንደማይወጡ ግን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም። ባለቤታቸውም ያውቃሉ፤ በሰው ፊት ሊያዋርዷቸው አልፈለጉምና ዝም አሉ።

በሁለተኛው ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ላብም ያጠምቃቸው ጀመር። በሦስተኛው ሌሊት ባሰ። ጣሪያው ላይ የሚሄድ ነገር ይታያቸዋል፤ የሞቱ ወንድማቸውን በስም ይጠራሉ፤ የታሰረውን እግር ፈትተው ሊነሡ ይታገላሉ። በክፍሉ የተኙት ሕመምተኞች ሁሉ እንቅልፍ አጡ። ታዲያ እኛ ምን አልን መሰላችሁ? "ይኼ የሆስፒታል በሽታ አይደለም፤ ሌላ ነገር ይዟቸዋል" ተባባልን። ነርሷ "እባካችሁ ሐኪሙ እስኪመጣ ጠብቁ" ብትለን አልሰማናትም። ሲነጋ "በራሳችን ፈቃድ አስወጥተናል" ብለን ፈርመን፣ በፒክአፕ ጭነን ወደ አጋርፋ ተመለስን። ወደ መንፈሳዊ ስፍራ ልንወስዳቸው መንገድ ስናዘጋጅ በማግሥቱ አረፉ።

ቀብሩን አሳመርነው። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ለቤተሰቡ የሚገባው ገንዘብ ሳይጎድል ተሰጠ። ሦስቱን ሌሊት ተራ ገብተን አደርን። ያን ሁሉ ስናደርግ፣ ሰውየውን ለመቃብር ካበቋቸው ነገሮች አንዱ የእኛው ሥራ መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ቆየት ብለን ለአንድ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነገሩን አጫወትነው። የነገረንም ይህን ነው። ዘወትር ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ፣ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምረዋል። በአንዳንዱ ላይ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ይመጣል። ከ2 እስከ 3 ቀን ሲሆን ደግሞ በከፊሎቹ ላይ መቃዠት፣ ያልነበረ ነገር ማየት፣ ቦታና ሰው መሳት ይከተላል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል። ከታወቀ ግን ሕክምና አለው፤ ዲያዜፓምን የመሰለ ማርገቢያ፣ ቫይታሚን ቢ 1፣ ፈሳሽና የቅርብ ክትትል ነው። የእኚያ አባት ምልክት ሁሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሐኪሙ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ የተሳሳተውን መልስ የሰጠነው እኛ ነን። ክብራቸውን እንጠብቃለን ብለን ሕይወታቸውን አጣን።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን፣ በሆስፒታል የተኛ ሰው አእምሮው የሚታወክባቸውን መንገዶች በአጭሩ እንይ።

አንደኛው የሰውነት ሕመም ራሱ አእምሮን ሲያውክ ነው። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ተስቦ፣ ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ ወይም መውጣት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ እንደዚሁም አንዳንድ መድኃኒት ሊያመጡት ይችላሉ። ሽማግሌዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቀላሉ ይያዛሉ። ልማደኛ ከሆነው የአእምሮ ሕመም የሚለይበት ምልክት አለው፤ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ይጀምራል፤ ጠዋት ደኅና የነበረው ሰው ማታ ይቃዣል፤ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ይስታል። ሁልጊዜም የሚጮኽና የሚታገል አይደለም። ዝም ብሎ የሚያንቀላፋ፣ ሲጠሩት ዘግይቶ የሚመልስ ሰውም ይኸው ሊሆንበት ይችላል። "ተመስገን፣ ዛሬስ ዐርፎ ተኛ" የምንለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከሚጮኸው ይልቅ የሚያሠጋው እሱ ነው። ሕክምናውም ማስተኛት ብቻ ሳይሆን መንሥኤውን ፈልጎ ማከም ነው።

በደጋው አገራችን እንቅርት አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከአንገት እጢ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሲያንስ ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል፣ ይተክዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጨነቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። "ጠባዩ ተለወጠ" የተባለ ሰው የደም ምርመራ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሕመሙ ያመጣው ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ ነው። እግሩ የተቆረጠ ገበሬ፣ ለወራት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚውጥ ወጣት፣ ስኳር እንዳለባት የተነገራት እናት፣ ምግብ እንቢ ሲሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ሲያዞሩ "ሆድ ብሷቸው ነው" ብለን እናልፋለን። ሆድ መባስ አለ፤ መታመምም አለ። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሣ፣ "ብሞት ይሻለኝ ነበር" ካሰኘ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ድብርት ሆኗል። ያልታከመ እንደሆነም ሰውየው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ዋናው በሽታም ይብስበታል።

ሦስተኛው አስቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በሌላ በሽታ ሲተኛ ነው። ይህ በጣም የሚያሳዝን ነው። "ሆዴን አመመኝ" ሲል "እብደቱ ነው" ይባልና ትርፍ አንጀቱ እስኪፈነዳ የሚሰማው ያጣል። የአእምሮ መድኃኒቱም ቤት ተረስቶ ይቀርና ሕመሙ ይነሣበታል።

አራተኛው በስንዴ አገር የምንኖር ሁሉ ልናስብበት የሚገባ ነው። በየቤታችን የአረምና የተባይ መርዝ አለ። አንድ ሰው በብስጭትም ሆነ በተስፋ መቁረጥ ይህን ወስዶ በሆስፒታል ሕይወቱ ሲተርፍ፣ ገላው ስለዳነ ብቻ ወደ ቤት መመለስ የለበትም። ከመውጣቱ በፊት የአእምሮ ባለሙያ አነጋግሮት፣ ያስጨነቀው ነገር ታውቆ፣ ከቤተሰቡ ጋር ምክር ተደርጎ፣ ቀጠሮ ተይዞለት መውጣት አለበት። የጠያቂ ወቀሳ በዚህ ጊዜ አይጠቅምም። መርዙንም ቆልፎ ማስቀመጥ የሁላችንም ግዴታ ነው።

ይህ ዓይነቱ ሕክምና በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአእምሮ ሐኪሞች ከጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር አብረው በየመኝታ ክፍሉ መሥራት ጀምረው ነበር። በእኛም አገር ጥያቄው ቀደም ብሎ ተነሥቷል። ሮበርት ጊል የተባሉት ሆላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በተመላላሽነት ወደ ሕክምና የመጡ 200 ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞችን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ያገኙትን አሳትመዋል። ለሰውነት ሕመም ብለው ከመጡት መካከል የአእምሮ ችግር ያለባቸው ጥቂት አልነበሩም። ሐኪም ፊት ቀርቦ "አእምሮዬን አመመኝ" የሚል ማን አለ? "ልቤን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይከብደኛል፣ ሆዴ ባባ" ነው የምንለው። ሐኪሙም የልብ ማዳመጫውን ያነሣል።

የአገራችን የአእምሮ ሕክምና ግን ለረጅም ዘመን በአንድ ቦታ የተወሰነ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከባሌ አንድ ሕመምተኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነበር እዚያ የሚደርሰው፤ ያውም እግሩ የተሰበረ ወይም ሳንባው የታመመ ሰው ይህን መንገድ እንዴት ይችላል? ነገሩ መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ሲከፈትና ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ሲመደቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እየረዳው፣ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የሚፈልግ ሐኪም ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ፣ የአእምሮ ሕክምና ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ ዓላማ ይዞ ነበር። በዞናችንም ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗል። ባለሙያው ዛሬም ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲታይ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የዛሬው እድርተኛ አባቶቻችን ያልነበራቸውን አንድ ነገር ማድረግ ይችላል፤ መጠየቅ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመኝታ ክፍሉ ሐኪም የሕመምተኛውን ሁኔታ አይቶ፣ ስኳሩን፣ ትኩሳቱን፣ ደሙንና ሽንቱን ካስመረመረ በኋላ ለአእምሮ ክፍል የምክክር ወረቀት ይጽፋል፤ በሆስፒታል ቋንቋ "ኮንሰልት ማድረግ" ይሉታል። የተጠራው ባለሙያ መጥቶ ካርዱን ያነባል፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ያያል፤ ሌሊት የነበረችውን ነርስ ያነጋግራል። ከዚያ ሕመምተኛውን ያጫውታል። "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ያለነው የት ነው? የሳምንቱን ቀኖች ከእሑድ ወደ ኋላ ይቁጠሩልኝ" ይላል። ቀልድ አይደለም፤ ሐሳብ መሰብሰብ መቻሉን የሚለካበት ነው። ቀጥሎም አስታማሚውን ይጠይቃል። በመጨረሻ ለሐኪሙ ምክሩን ጽፎ ይሰጣል፤ ተመልሶም ያያል። ሕመምተኛው ከአልጋው አይነሣም፤ የተሰበረው እግሩም ሕክምናው አይቋረጥም። አንድ ሕመምተኛ "እግሬ አይቆረጥም" ብሎ እንቢ ሲልም ባለሙያው ሊጠራ ይችላል። የሚጠራው ለማስገደድ ሳይሆን፣ የሚወስነውን ነገር ተረድቶ መወሰኑን ለማረጋገጥ ነው።

ይህ ሁሉ በንግግር የሚሠራ በመሆኑ የቋንቋው ነገር ቀላል አይደለም። ከእኛ መካከል ብዙው ልቡን የሚናገረው በኦሮምኛ ነው። ባለሙያው ቋንቋውን የማያውቅ እንደሆነ አስተርጓሚው አስታማሚ ነው። በዚህ ጊዜ ነገር አናሳምር። ሕመምተኛው የተዘበራረቀ ነገር ከተናገረ የተዘበራረቀውን እንዳለ እናስተርጉም። አስተካክለን ከነገርነው ሐኪሙ ደኅና ሰው ያየ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን እንንገራችሁ። ከዚያ ኀዘን በኋላ፣ የአንዲት አባላችን ልጅ በሆስፒታል ወለደች። በአምስተኛው ቀን እንቅልፍ አጣች፤ "ይህ ልጅ የኔ አይደለም፤ ለውጠውብኛል" ማለት ጀመረች። ገሚሱ ዘመድ "እናውጣት" አለ። እናቲቱ ግን የፊተኛውን ነገር ታስታውስ ነበርና፣ "እኔ አልፈርምም፤ አንድ ጊዜ ፈርመን ያየነውን አይተናል" ብላ በሩ ላይ ቆመች። ነርሷን ጠርታ ያየችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ በቤተሰቡ ውስጥ ከወሊድ በኋላ እንዲህ የሆነች አክስት እንደነበረች እንኳ ሳትደብቅ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ተጠራ። በምርመራ ትኩሳትና የማሕፀን ኢንፌክሽን ተገኘባት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ብርቱ የአእምሮ ሕመም መሆኑም ታወቀ። ሁለቱም በአንድ አልጋ ላይ ታከሙ። ሕፃኑን ሌሊት አያቱ ያዘችው፤ ቀን ቀን ሰው ባለበት ከእናቱ ጋር ይውላል። ከሳምንታት በኋላ ልጇን አቅፋ ገባች። ዛሬ በለቅሶ ቤት ከእናንተ ጋር እንጀራ ስታቀርብ የምታዩዋት ናት፤ ማን እንደሆነች አንነግራችሁም፤ መለየትም አያስፈልግም።

ስለ እምነት አንድ ቃል እንጨምር። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም የሚገናኝበት ነው። ጠበል የሚወስድ አለ፤ ዱዓ የሚያስደርግ፣ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚሳል አለ። ይህን የሚከለክል ሰው የለም። የምንለው፣ ጸሎቱ ወደ አልጋው ይምጣ እንጂ ሕመምተኛው ከአልጋው አይነቀል ነው። ቄሱም ሼኩም መጥተው ቢጸልዩለት ግሉኮሱ አይነቀልም፤ መድኃኒቱም አይቋረጥም። ስለቱን ሲድን ራሱ በእግሩ ሄዶ ያደርሳል።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባዔው የሚያቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1. አባላችን ወይም የቤቱ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ከሐኪም ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው በቤተሰቡ ይመረጥ። ያ ሰው ሕመምተኛው የሚወስደውን መድኃኒት፣ መጠጡን፣ ጫቱን፣ የቀድሞ ሕመሙን ሳይደብቅ ይንገር። ለሐኪም የተነገረ ምሥጢር ነው፤ ወደ መንደር አይመለስም። እኛም የሰማነውን መንደር ለመንደር አናወራም።

2. የጥየቃ ሥርዓት ይኑረን። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ክፍሉን አናጨናንቅ፤ ሁለት ሁለት ሆነን እንግባ። አእምሮው የታወከ ሰው የሚያውቀው ፊት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አይለየው። መነጽር ካለው መነጽሩ ይምጣለት። ቀኑንና ቦታውን በለሆሳስ ይነገረው። ራስጌው ቆመን አንንሾካሾክ፤ አናልቅስበት።

3. የጠባይ ለውጥ ስናይ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለነርስ እንናገር፤ "የአእምሮ ባለሙያ እንዲያየው ይደረግልን" ብለን እንጠይቅ። ባለሙያ በሌለበትም ወዴት እንደሚላክ ሐኪሙ ይንገረን። ይህ ሳይሆን በፊርማ ማስወጣት ቢያንስ ከእድሩ ተሽከርካሪም ሆነ ጉልበት አያግኝ።

4. በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር። ከእድሩ ገንዘብ ላይ ተወስኖ፣ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ለሚላክ ሕመምተኛ የመጓጓዣ፣ ለአስታማሚውም የስንቅ መርጃ ይሰጥ። አስታማሚነቱም እንደ ለቅሶው ተራ ይውጣለት። ቤተሰብ ሕመምተኛውን የሚያስወጣው ሁልጊዜ ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡና ጉልበቱ ስላለቀም ነው።

አራተኛው ሐሳብ ሊያከራክር እንደሚችል እናውቃለን። "እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ገንዘቡ ለሕክምና ከወጣ ለሞት ቀን ምን ይቀራል?" የሚል አባል አለ፤ መልካም ጥያቄ ነው። ሒሳቡን ገንዘብ ያዡ በዝርዝር ያቀርባል፤ መጠኑንም ጉባዔው ይወስናል። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው። ቃሬዛው በእቃ ቤታችን አለ። ሬሳ ለመሸከም አሥር ሰው በአንድ ጡሩምባ ይወጣል። በሽተኛ ለመሸከም ደግሞ ልመና ያስፈልጋል። በእኚያ አባት ለቅሶ ላይ ካወጣነው ገንዘብና ጉልበት ጥቂቱን እንኳ ከሦስት ቀን በፊት በሆስፒታሉ ብናውለው፣ አንድ እውነተኛ ቃልም ብንጨምርበት፣ ምናልባት ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይከራከሩን ነበር።

ውሳኔው የጉባዔው ነው።